የቆየ ሞተር ሲጥመለመልና ወደ ጎን ሲስብ፦ ጥፋቱን ከጎማ ጀምሮ መፈለግ

አንድ የቆየ ሞተር ሳይክል አለኝ። ከአንድ ድርጅት በጨረታ ሲወጣ የገዛሁት ነው። 125 ሲሲ፣ ባለ ሽቦ ቸርኬ፣ ከፊትም ከኋላም የድራም ፍሬን፣ ከኋላ ግራና ቀኝ ሁለት ሾክ ያለው። ከሀዋሳ ወደ ሻሸመኔ ስወጣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ እንደ እባብ መጥመልመል ይጀምር ነበር። ጋራዥ ወሰድኩት። የመሪውን ዳዶ አጠበቁልኝ። ባሰበት። ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። እዚያም ያንኑ ዳዶ አጠበቁት። በመጨረሻ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ መሪውን ግራ ቀኝ ሳላርም መሄድ አቃተኝ።

ጥፋቱ የተገኘው ከመሪው በጣም ርቆ ነው። የኋላውን ጎማ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ክንድ ቡሹ (ክንዱ በቡሎኑ ላይ የሚንቀሳቀስበት ቀለበት) አልቆ ነበር። በዚያ መሃል ያወጣሁት ገንዘብ ያንገበግበኛል። ከዚያ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሁለት ወር ሙሉ በዚያ ሞተር ላይ ሰው አፈናጥጬ መሄዴ ነው።

እጃችን ያለው መሪው ላይ ነው። ስለዚህ ሞተሩ የትም ይታመም የሚሰማን በመሪው በኩል ነው። ጎማ ቢተነፍስ፣ ቸርኬ ቢጣመም፣ የኋላ ሾክ ቢሞት፣ ሁሉም እጅ ላይ ይመጣል። «መሪው ነው» ብሎ መጀመር የሚያሳስተው ለዚህ ነው። እኔ አሁን የምከተለው ቅደም ተከተል ከመሬት ወደ ላይ የሚወጣ ነው። መጀመሪያ ጎማ። ቀጥሎ ቸርኬና የጎማ ኩሽኔታ (ጎማው በዘንጉ ላይ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት)። ከዚያ የኋላ ክንድና የኋላ ሾክ። ከዚያ የመሪው አንገት። ከዚያ የፊት ሾክ። በመጨረሻ የሁለቱ ጎማዎች መስመር። ርካሹና ቀላሉ ቀድሞ ይታያል።

አንድ ሕግ አለኝ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የምነካው። ጎማ ቀይሬ፣ አንገቱን አስተካክዬ፣ ሰንሰለት ወጥሬ ብወጣና ሞተሩ ቢሻለው፣ ያሻለው የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ችግሩ ሲመለስ ደግሞ እንደገና ከዜሮ እጀምራለሁ።

የምጽፈው ለእንደኔ ዓይነቱ ሞተር ነው። ቦክሰርም ሆነ ቲቪኤስ፣ በዚህ በኩል ብዙ አይለያዩም። ስሞች ከጋራዥ ጋራዥ ስለሚለያዩ ሁለቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የኋላውን ጎማ ይዞ ከእግር መርገጫው አጠገብ ከሻንሲው ጋር የታሰረውንና ከፍ ዝቅ የሚለውን ብረት «የኋላ ክንድ» እለዋለሁ። መሪው በሻንሲው ውስጥ የሚዞርበትን አጭር ቱቦ «አንገት» እለዋለሁ። አንገቱ ውስጥ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ኩሽኔታ አለ።

መፍታት ከመጀመራችሁ በፊት

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ችግሩ የሚመጣው በስንት ፍጥነት ነው? ጋዝ ስትሰጡ ነው ወይስ ስትለቁ? ፍሬን ስትይዙ ነው? አስፋልት ላይም አለ ወይስ ኮብልስቶን ላይ ብቻ? ብቻችሁን ስትሆኑ ነው ወይስ ሰው ወይም ጭነት ሲኖር? መቼ ጀመረ? ሞተሩ ወድቆ ነበር? ጎማ ከተቀየረ በኋላ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱን ይዞ ይመጣል።

ሁለት ዓይነት መንቀጥቀጥ አለ። መለየቱ ብዙ ድካም ያተርፋል። አንደኛው ፈጣን ነው። ገላችሁ ጸጥ እንዳለ መሪው ብቻውን ግራ ቀኝ ይላል፤ በሴኮንድ ከ4 እስከ 10 ጊዜ። ብዙውን ጊዜ ጋዝ ለቃችሁ ፍጥነቱ እየወረደ ሳለ ይመጣል። ይህ ወደ ፊት ይጠቁማል፤ የፊት ጎማ፣ የፊት ቸርኬ ወይም አንገት። ሁለተኛው ዝግ ያለ ነው። ሞተሩ ከነወገባችሁ ይጥመለመላል፤ በሴኮንድ ከ2 እስከ 4 ጊዜ። ፍጥነት ሲጨምርና ከኋላ ጭነት ሲኖር ይብሳል። ይህ በአብዛኛው ወደ ኋላ ይጠቁማል፤ የኋላ ጎማ፣ የኋላ ክንድ፣ የኋላ ሾክ። የእኔው ሞተር ሁለተኛው ዓይነት ነበር። ያኔ ይህን ባውቅ የአንገቱን ዳዶ ማንም እንዲነካብኝ አልፈቅድም ነበር።

ሌሎቹ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ሞተሩ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ የጎማ መስመር፣ የተጣመመ የፊት ሾክ ወይም ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ጭነት ጠርጥሩ። መሪው ከብዶ ለመታጠፍ እንቢ ካለ የፊት ጎማ ነፋስ አንሷል ወይም አንገቱ ጠብቋል። የፊት ፍሬን ስትይዙ «ቋ» የሚል ድምፅ እጃችሁ ላይ ከተሰማ አንገቱ ላልቷል። በዝግታ ስትሄዱ ቀጥ ብሎ አልሄድ ብሎ ከግራ ወደ ቀኝ የሚቅበዘበዝ ከሆነ ደግሞ አንገቱ ጠብቋል ወይም ኩሽኔታው ተቦርቡሯል።

ሙከራውን ጠዋት፣ መኪና በማይበዛበት ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ፣ ሄልሜት አድርጋችሁ አድርጉት። እጃችሁን ሙሉ በሙሉ ከመሪው አትልቀቁ። በ50 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ ጋዙን ልቀቁና መሪውን በጣት ጫፍ ያህል ላላ አድርጋችሁ ይዛችሁ እስከ 30 እስኪወርድ ስሜቱን አዳምጡ። መንቀጥቀጡ ከበረታ መሪውን አንቃችሁ አትያዙት፤ የፊት ፍሬንም በድንገት አትያዙ። ታንከሩን በጉልበታችሁ አጥብቃችሁ ይዛችሁ ፍጥነቱ በራሱ እንዲወርድ ተዉት።

ጎማ

ሞተሩን በመሃል እግሩ አቁሙት። የመሃል እግር ከሌለው ከኢንጅኑ ሥር ጠንካራ የእንጨት ሳጥን አስገቡ፣ ወይም ክሪክ ላይ ጣውላ አድርጋችሁ ከፍ አድርጉት። አንድ ሰው ይያዝላችሁ።

ነፋሱን በመለኪያ ለኩ። በአውራ ጣት ተጭኖ «ደህና ነው» ማለት አይበቃም። ጎሚስታው በግምት የሞላውን ነፋስ ስለካ 40 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ብዙዎቹ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉ ሞተሮች ለአንድ ሰው ከፊት 25፣ ከኋላ 28 ፒኤስአይ አካባቢ ይፈልጋሉ። ሰው ሲፈናጠጥ የኋላው ወደ 32 እና ከዚያ በላይ ይወጣል። የእናንተው ሞተር ትክክለኛ ቁጥር በሰንሰለቱ ሽፋን ወይም በኋላ ክንዱ ላይ ተለጥፎ ሊገኝ ይችላል። ተፍቆ ከሆነ የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ አለ። የምትለኩት ጠዋት ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ነው። ጎማ ሲሞቅ ቁጥሩ ይጨምራል።

ቀጥሎ የጎማውን ቅርጽ እዩ። አስፋልት ላይ ብዙ የሄደ የኋላ ጎማ መሃሉ ጠፍጣፋ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጎማ ኩርባ ላይ መጀመሪያ ለመጋደል እንቢ ይላል፤ ከዚያ በድንገት ወደ ውስጥ ይወድቃል። የፊት ጎማ ደግሞ ጥርሶቹ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብለው ከተበሉ መሪውን ያንቀጠቅጣል። እጃችሁን በጎማው ላይ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አሻሹት፤ ዓይን ያላየውን እጅ ያገኘዋል።

ዕድሜውን አንብቡ። በጎማው ጎን ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ አለ። 2315 ካለ በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በጨረታ የሚወጡ ሞተሮች ለዓመታት መጋዘን ቆመው ስለሚከርሙ ጥርሱ ያላለቀ ግን እንደ እንጨት የደረቀ ጎማ ይዘው ይመጣሉ። ጎኑ የተሰነጣጠቀና ከ10 ዓመት ያለፈ ጎማ ጥርሱ ምንም ቢያምር ይጣል። ዋጋው እንደሚያምም አውቃለሁ።

ሁለት ነገር ቀርቷል። ጎማው ከቸርኬው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር አለ። ከቸርኬው ጠርዝ ያለው ርቀት በሁሉም ቦታ እኩል መሆን አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከጠፋ ጎማው በትክክል አልተቀመጠም። ነፋሱ ተለቅቆ፣ ጠርዙ በሳሙና ውኃ ተቀብቶ እንደገና ይሞላ። ጎኑ ላይ የሚዞርበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ካለ ደግሞ በዚያ አቅጣጫ መግባቱን እዩ።

ቸርኬና የጎማ ኩሽኔታ

ጎማው ከመሬት ተነስቶ በነፃ ይዙር። አንድ የፕላስቲክ ማሰሪያ በሾኩ እግር ላይ እሰሩና ጫፉን ቆርጣችሁ ወደ ቸርኬው ጠርዝ አስጠጉት። ጎማውን በዝግታ አዙሩ። በጫፉና በቸርኬው መካከል ያለው ክፍተት የሚሰፋና የሚጠብ ከሆነ ቸርኬው ተጣሟል። ወደ ጎንም ሆነ ወደ ላይና ወደ ታች እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይታለፋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ሽቦዎቹ ይስተካከሉ። ሽቦዎቹን በካቻቢቴ ጫፍ አንድ በአንድ መታ መታ አድርጓቸው። የተወጠረው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው ይደፈናል። ከላላው አጠገብ ብዙ ጊዜ የተሰበረ አለ። የላላውን ብቻ እያጠበቃችሁ አትሂዱ። አንዱን ስታጠብቁ ቸርኬው ወደዚያ ጎን ስለሚሳብ ይህን ሥራ ለለመደ ሰው ስጡት።

ለኩሽኔታው ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ አንዱን ግፉ አንዱን ሳቡ። ከዚያ ከፊትና ከኋላ ይዛችሁ ድገሙት። ትንሽ እንኳ «ቀጭ» ካለ ኩሽኔታው አልቋል። የፊት ጎማ ላይ ይህን ስታደርጉ ረዳታችሁ የሾኩን እግሮች አጥብቆ ይያዝ። አለበለዚያ የአንገቱን መላወስ የጎማ ኩሽኔታ ነው ብላችሁ ትሳሳታላችሁ። ኩሽኔታ ርካሽ ነው፤ ቁጥሩም ራሱ ላይ ተጽፏል። በትንንሽ ሞተሮች ላይ 6301፣ 6202 ወይም 6302 በብዛት ይገኛሉ። ቁጥሩን ይዛችሁ ኩሽኔታ የሚሸጥ ቤት መሄድ ነው።

ኩሽኔታ ስታስቀይሩ ግን በሁለቱ መሃል የምትገባዋን ቱቦ አትርሱ። ያለ እሷ የዘንጉ ዳዶ ሲጠብቅ ኩሽኔታዎቹን ወደ ውስጥ ይጨፈልቃቸዋል። አዲሱ ኩሽኔታ በጥቂት ቀን ውስጥ ያልቃል።

የኋላ ክንድ

ሞተሩን በመሃል እግሩ አቁሙት። ረዳታችሁ ከፊት ሆኖ ሻንሲውን ይያዝ። እናንተ ከኋላ ተቀምጣችሁ የክንዱን ጫፍ፣ ዘንጉ የሚያልፍበትን ቦታ ያዙ። ጎማውን ሳይሆን ክንዱን። ወደ ግራና ወደ ቀኝ በኃይል ግፉት ሳቡት። ምንም መላወስ መኖር የለበትም። አንድ ጣት ክንዱና ሻንሲው በሚገናኙበት ስንጥቅ ላይ አድርጉ፤ ዓይን የማያየው ንቅንቅታ ጣት ላይ ይሰማል። ቡሹ ጋ ትንሽ የምትመስለው መላወስ ጎማው ጋ ስትደርስ ትልቅ ናት፤ ክንዱ ያረዝማታል። በሄዳችሁ ቁጥር የኋላ ጎማው በራሱ ፈቃድ አቅጣጫ ይቀይራል ማለት ነው። ከላይ ተቀምጦ የሚሰማው ደግሞ መሪው የታመመ ያህል ነው።

ካልለየላችሁ የሁለቱን ሾኮች የታች ቡሎን ፍቱና ክንዱን ነፃ አውጡት። ከፍ ዝቅ ሲል ያለ ችግር መሄድ አለበት። ወደ ጎን ግን ንቅንቅ ማለት የለበትም። በዚህ መንገድ ነው የኔውን ያገኘሁት። ሾኮቹ ሲፈቱ ክንዱ በእጄ ላይ ግራ ቀኝ ይል ነበር። ደነገጥኩ።

መፍትሔው ዳዶውን ማጥበቅ አይደለም። ያለቀ ቡሽ በማጥበቅ አይሞላም። ረጅሙን ቡሎን አውጥታችሁ እዩት። ቡሹ የተቀመጠበት ቦታ ላይ በጥፍር የሚሰማ ጎድጓዳ መስመር ካለ ቡሎኑም ቡሹም አብረው ይቀየራሉ። አዲስ ቡሽ በተበላ ቡሎን ላይ ዕድሜ የለውም። ለቆየ ሞተር ዕቃው ገበያ ላይ ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ከነሐስ ይሠራላችኋል። እኔ ያደረግሁት ይህንን ነው። ልኩን በቃል አትንገሯቸው፤ ቡሎኑንም ክንዱንም ይዛችሁ ሂዱ። የግራሶ መግቢያ ካለው በየጊዜው ግራሶ ስጡት። ከሌለው በዓመት አንድ ጊዜ አውጥታችሁ ቀቡት።

አንዳንድ ሞተሮች ላይ ቡሹ ጎማና ብረት የተጣበቀበት ነው። እንዲህ ያለውን ስትገጥሙ ዳዶውን መጨረሻ ላይ የምታጠብቁት ሞተሩ በጎማው ቆሞ ክብደት ካረፈበት በኋላ ነው። በአየር ላይ እያለ ካጠበቃችሁት ሞተሩ ወደ መሬት ሲወርድ የቡሹ ጎማ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ቶሎም ይቀደዳል።

የኋላ ሾክን በፍጥነት መፈተን ይቻላል። ኮርቻውን በሁለት እጅ ወደ ታች ጫኑና ልቀቁት። ተነስቶ መርጋት አለበት። ሁለቴ ሦስቴ ከዘለለ ዘይቱ አልቆ ሞላው ብቻ ነው የቀረው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከሞተ ክንዱ ይጠመዘዛል። ስለዚህ ሾክ በጥንድ ይቀየራል። የሞላው ማጥበቂያ ደረጃም በግራና በቀኝ እኩል ቁጥር ላይ ይሁን። እኔ ያየኋቸው ብዙ ሞተሮች ላይ እኩል አይደለም።

የመሪው አንገት

እዚህ ጋ ቀስ እንበል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ይህንን ነው።

የፊት ጎማውን ከመሬት አንሱ። መጀመሪያ ገመዶቹን እዩ። የፍሬን፣ የፍሪሲዮንና የጋዝ ገመዶች መሪው ሲዞር የትም መወጠር የለባቸውም። ኢንጅኑን አስነሱና መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሩ። የኢንጅኑ ድምፅ ከጨመረ የጋዝ ገመዱ እየተሳበ ነው፤ መንገዱን አስተካክሉ። ይህ ሳይስተካከል የሚቀጥለው ፈተና ያሳስታችኋል።

አሁን ኢንጅኑን አጥፉና መሪውን በአንድ ጣት በጣም በዝግታ አዙሩት። ልክ ቀጥ ሲል «ጠቅ» ብሎ ለመቆም የሚሞክር ከሆነ የአንገቱ ኩሽኔታ ተቦርቡሯል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሞተር ዕድሜውን ሙሉ ማለት ይቻላል ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። የእያንዳንዱ ጉድጓድ፣ የእያንዳንዱ ኮብልስቶን ምት ኳሶቹን ያንኑ ቦታ ይመታል። ከጊዜ ብዛት እያንዳንዱ ኳስ ቀለበቱ ላይ የራሱን ትንሽ ጎድጓዳ ይሠራል። ላልቶ የቆየ አንገት ደግሞ በእያንዳንዱ ምት ስለሚንኳኳ ቶሎ ይቦረቦራል።

አስቡት። መሪው ቀጥ ሲል ኳሶቹ ጎድጓዳቸው ውስጥ ይወድቃሉ። ትንሽ ለማረም ስትሞክሩ ይይዛችኋል፤ ኃይል ስትጨምሩ ዘሎ ያልፋችኋል። ለዚህ ነው ሞተሩ የሚቅበዘበዘው። ዳዶውን ስታጠብቁት ደግሞ ኳሶቹ ወደ ጎድጓዳው የባሰ ይጫናሉ። የተቦረቦረ ኩሽኔታ በማጥበቅ አይድንም። ይቀየራል።

መላወሱን ለመፈተን ፊት ለፊት ተቀመጡና የሁለቱን ሾኮች የታች ጫፍ ይዛችሁ ወደ ፊት ሳቡ፣ ወደ ኋላ ግፉ። ረዳታችሁ ጣቱን በአንገቱ ሥር፣ የሚዞረውና የማይዞረው ብረት በሚገናኙበት መስመር ላይ ያድርግ። እዚያ ንቅንቅታ ከተሰማው አንገቱ ላልቷል። እዚያ ጸጥ ብሎ የሾኩ ቱቦ በውጪኛው ቱቦ ውስጥ የሚላወስ ከሆነ ግን ያለቀው የሾኩ ቡሽ ነው።

አንገቱ መጥበቁንም እንፈትን። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ በጣት ወደ ግራ ነካ አድርጉት። በራሱ ክብደት እስከ ዳር መውደቅ አለበት። ወደ ቀኝም እንዲሁ። መንገድ ላይ ከቆመ ጠብቋል።

ምንም «ጠቅ» ሳይል ላልቶ ወይም ጠብቆ ብቻ ከሆነ ማስተካከል ይበቃል። ከላይ ያለውን ትልቁን ዳዶ አላሉ። የሾኮቹን እግሮች የላይኛው ብረት ላይ የያዙትን ቡሎኖችም አላሉ። ከሥሩ ጥርስ ጥርስ ያለው ክብ ዳዶ አለ። እሱን ከአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ አዙሩና ሁለቱን ፈተናዎች ድገሙ፤ መላወስ የለም፣ በራሱም ይወድቃል? ከዚያ ትልቁን ዳዶ አጥብቁ። ፈተናውን እንደገና ድገሙ። የላይኛው ሲጠብቅ የታችኛውን ስለሚጫን መጀመሪያ ልክ የነበረው አሁን ጠብቆ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ የተለመደ ነው።

ይህን ክብ ዳዶ በካቻቢቴና በመዶሻ መምታት በየጋራዡ የማየው ልማድ ነው። እባካችሁ አትፍቀዱ። ጥርሱ ይበላል፤ ምን ያህል እንደጠበቀም አይታወቅም። ለዚህ የተሠራ መንጠቆ ያለው ቁልፍ አለ። ካልተገኘ ከአሮጌ ቱቦ ላይ ጥርስ ቆርጦ መሥራት ይቻላል።

ኩሽኔታው መቀየር ካለበት ከሥር ንጹሕ ጨርቅ ዘርጉ። በብዙ የቆዩ ሞተሮች ላይ ኳሶቹ ያልታሰሩ ስለሆኑ ይፈሳሉ። የላይኛውን ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ ቁጠሩና ጻፉ። መጠናቸውም ሊለያይ ይችላል፤ 6.35 እና 4.76 ሚሊ ሜትር የተለመዱ ናቸው። ሲደባለቁ ትልቅ ራስ ምታት ነው። ቀለበቶቹን በነጭ ጋዝ እጠቡና በጥፍራችሁ አስኪዱባቸው። ጥፍር ከያዘ ያለቀ ነው። አዲስ ኳስ በአሮጌ ቀለበት ላይ አትጨምሩ፤ ሙሉውን ግዙ።

አሮጌውን ቀለበት ረጅም ብረት አስገብታችሁ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እያፈራረቃችሁ እየመታችሁ አውጡ። አዲሱን ስታስገቡ ኳሱ የሚሄድበትን ለስላሳ ገጽ ፈጽሞ አትምቱ። አሮጌው ቀለበት ዙሪያው ትንሽ ተሞርዶ እንደ መግፊያ ያገለግላል። ድምፁን አዳምጡ፤ ጥግ ሲደርስ የመዶሻው ድምፅ ይቀየራል። ከዚያ ግራሶ ሳትሰስቱ ሙሉበት። ኳሶቹን ግራሶው ራሱ ይይዝላችኋል።

ክብ ዳዶውን መጀመሪያ ጠንከር አድርጋችሁ አጥብቁ። መሪውን ከዳር እስከ ዳር አምስት ስድስት ጊዜ አዙሩ። ይህ ኳሶቹን ያስቀምጣቸዋል። ከዚያ አላሉትና መላወስ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ መልሳችሁ አጥብቁ።

የፊት ሾክ

ሞተሩ ወድቆ ከተነሳ በኋላ ጎማው ቀጥ ብሎ መሪው ወደ ጎን የሚያይ ከሆነ አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ የተጣመመ ብረት የለም፤ ሁለቱ እግሮች ማሰሪያቸው ውስጥ ዞረው ነው። የፊት ዘንጉን ዳዶና እግሮቹን ከላይና ከታች የያዙትን ቡሎኖች አላሉ። ጎማውን በጉልበቶቻችሁ መሃል ይዛችሁ መሪውን እስኪስተካከል ጠምዝዙት። ከዚያ መጀመሪያ የታቹን፣ ቀጥሎ የላዩን ቡሎኖች አጥብቁ። ሞተሩን መሬት ላይ አውርዳችሁ ፊቱን ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ጫኑ። የዘንጉን ዳዶ መጨረሻ ላይ አጥብቁ።

በዚህ ካልተስተካከለ ቱቦዎቹን አውጡና ወፍራም መስታወት ላይ አንከባሉ። የተጣመመው እየተነሳ እየወደቀ ይሄዳል። ክፉኛ የታጠፈ ቱቦ ይቀየር። ቱቦው ላይ ዝገት ካለ ዘይቱን የሚይዘውን አዲሱን ጎሚኒ ሳይቀር እየቆረጠ ዘይት ማፍሰሱን ይቀጥላል። ዘይቱ ሲቀየር በሁለቱም በኩል ይቀየር፤ መጠኑም እኩል ይሁን። የአንዱ እግር ዘይት ፈስሶ ካለቀ ሁለቱ እኩል አይሠሩም። አሥር ዓመት ሙሉ ዘይቱ ተቀይሮ የማያውቅ ሾክ ብዙ ነው፤ ሲቀየር ሌላ ሞተር ነው የሚመስለው።

የጎማዎቹ መስመር

ሰንሰለት በተወጠረ ቁጥር የኋላ ጎማው የመጣመም ዕድል አለው። ክንዱ ላይ ያሉት የማስተካከያ ምልክቶች በቆየ ሞተር ላይ ብዙም አይታመኑም። እኔ በሜትር ነው የምለካው። ክንዱ ከታሰረበት ቡሎን መሃል እስከ ኋላ ዘንግ መሃል ድረስ፣ በግራም በቀኝም። ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ይሁን።

ከዚያ በሲባጎ አረጋግጡ። አራት ሜትር ያህል ሲባጎ ለሁለት አጥፋችሁ መሃሉን በኋላ ጎማው ጀርባ በኩል አሳልፉት። ሁለቱን ጫፎች በግራና በቀኝ ወደ ፊት ሳቡ። ሲባጎው የኋላውን ጎማ ኋለኛና ፊተኛ ጠርዝ ብቻ እንዲነካ፣ የሞተሩን ሌላ አካል እንዳይነካ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጉት። የፊት ጎማው ቀጭን ስለሆነ በሁለቱም በኩል ክፍተት ይኖራል። መሪው ቀጥ ሲል ክፍተቱ በግራና በቀኝ እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ የኋላ ዘንጉን በማስተካከያው ትንሽ እያንቀሳቀሳችሁ አርሙት። ዘንጉ በልኬት ልክ ሆኖ ሲባጎው ግን ልክ አይደለም ካለ፣ ክንዱ ወይም ሻንሲው ተጣሟል።

ሰንሰለቱ መሃሉ ላይ ሲነሳና ሲወርድ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ያህል ይንቀሳቀስ። ለፒስታ መንገድ የተሠሩ ረጃጅሞቹ ሞተሮች ከዚህ ትንሽ ላላ ይፈልጋሉ። የሚለካው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ጎማውን እያዞራችሁ በጣም የተወጠረበትን ቦታ ፈልጉና እዚያ ለኩ።

ሻንሲው ላይ አንገቱ ከቱቦዎቹ ጋር የተበየደበትን ቦታ በባትሪ እዩ። ቀለሙ የተሸበሸበ ወይም ቀጭን የዝገት መስመር የወጣበት ከሆነ ብረቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ያንን ሞተር አትንዱት። ከላይ በብየዳ ማልበስም አይበቃም፤ ልኩን ጠብቆ የሚያስተካክል ባለሙያ ይየው።

ሲያልቅ

መጀመሪያ ብቻችሁን፣ ያለ ጭነት ሞክሩት። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት፤ ወረቀታችሁ ላይ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ። ከዚያ ሰው አፈናጥጡ። ጭነት ላይ ብቻ የሚመለስ ከሆነ ጭነቱ የተቀመጠበትን ቦታ እዩ። ከኋላ ዘንጉ አልፎ የተንጠለጠለ ከባድ ጆንያ የፊት ጎማውን ያቀልለዋል። ጤነኛ ሞተርም በዚያ ጭነት መሪው ይንቀጠቀጣል። ጭነቱን ወደ ፊትና ወደ ታች አስጠጉት።

የአንገት ኩሽኔታ የቀየራችሁ ከሆነ አዲሶቹ ቀለበቶች ቦታቸውን እየያዙ ሲሄዱ ትንሽ ይላላል። ከ300 ኪሎ ሜትር በኋላ የፊት ጎማውን እንደገና አንሱና ሁለቱን ፈተናዎች ድገሙ። ሽቦ ካስተካከላችሁም እነሱን በዚያው ቀን መታ መታ አድርጓቸው። እኔ አሁን ይህን የማደርገው ዘይት በቀየርኩ ቁጥር ነው። ከሩብ ሰዓት በላይ አይወስድብኝም።